የሁለታችን ድንጋይ

ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከዳባት በላይ፣ ከምታውቂው መንደር

ለአብሮ አደጌ ለሸዋነሽ፣ ከባሕር ማዶ ላለሽው እኅቴ፤

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። እኔም እስከ ዛሬ አጉድዬብሽ አላውቅም። ዛሬ ግን «እንደምን አለሽ» ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ምክንያቱን እነግርሻለሁ፤ ግን በተራው ነው። አንቺ ከድሮም ተረት ሲነገርሽ «መጨረሻውስ?» እያልሽ የምትነዘንዢ ችኩል ነሽ። እስቲ ዛሬ እንኳ አስጨርሺኝ።

እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ዳገት ባየ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ባለቤቴ ቄስ ሀብተ ሚካኤልም ደኅና ናቸው። «ናቸው» ስል እንደምትስቂ አውቃለሁ፤ በልጅነታቸው ከእናትሽ ጓሮ እሸት ሲሰርቁ አባረሽ ያስጣልሻቸው አንቺ ነሽ። ዛሬ ጢማቸው ደረታቸው ላይ ደርሷል፤ ሰው ሁሉ መስቀላቸውን ሳይሳለም አያልፍም። የልጄ ልጅ አመተ ማርያምም አሁን ደኅና ናት። «አሁን» ማለቴ ልትሞትብኝ ስለነበር ነው።

ልጅቷን በስልክ ታውቂያታለሽ፤ ዓምና «ጥርሴ ወልቆ ጣራ ላይ ወረወርኩት» ብላ የነገረችሽ ናት። እናቷ አዲ አርቃይ ሥራ አግኝታ ስትሄድ ለእኔ ትታልኛለች። ገና ስድስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን የባልቴት ነው። እሷን የማጣ መስሎኝ ያደረግኩትን ነው የምጽፍልሽ።

ነገሩ የጀመረው በፍልሰታ ነው። በፍልሰታ ልጅ ሁሉ ጿሚ እንደሆነ አትረሺውም፤ እኛ በባዶ ሆድ ስንንከራተት አንቺ ከማዶ ሆነሽ ቆሎ እየቆረጠምሽ ታስጎመጂኝ ነበር። ዘንድሮም ልጆቹ በየማለዳው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ሩፋኤል ጸበል ወረዱ። ቁርስ ሳይቀምሱ ጠጡ፣ ተጠመቁ፣ አስቀደሱ። ጸበሉን አንቺ ጠጥተሽው ባታውቂም አይተሽዋል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ከአለቱ ሥር የሚፈልቀው ነው። ዘንድሮም እንደ ጥንቱ ነው። ጥርስ ያማል ቅዝቃዜው። ከሥሩ ያለውን ጠጠር አንድ በአንድ ያሳያል። ሽታ የለው፣ ዝቃጭ የለው። እንዲያ ያማረ ውኃ ነው ልጆቻችንን ይጥል የጀመረው።

መጀመሪያ ሆዳቸውን አመማቸው። ቀጥሎ ተቅማጥና ትውከት ሆነ። የጎረቤታችንን የያርጋልን መንትዮች አከታትለን ቀበርናቸው። እናታቸው ከቀብር ስትመለስ ጮኻ ጮኻ ጉሮሮዋ ደርቆ ነበርና፣ ትንሽ ትበርታ ብለን ከዚያው ጸበል አጠጣናት።

ከዚያ በኋላ ሐመልማል የምትባል የውኃ ባለሙያ ከደባርቅ መጣች። ወጣት ናት፣ ቀልጠፍ ያለች፤ ጫማዋን ጭቃ ሲውጠው እየሳቀች በባዶ እግሯ የወጣች። ውስጣቸው ወረቀት ያለባቸው ትንንሽ ጠርሙሶች ይዛለች። «ውኃው ንጹሕ ከሆነ እንዳለ ይቆያል፤ የሰው ዓይነ ምድር ከገባበት ይጠቁራል» አለችን። አንዱን ከጸበሉ ሞላች። «ሌላ ምንጭስ የላችሁም?» ስትል ሰዉ ወደ እጅ ፓምፑ ጠቆማት። ፓምፑ ግን ከተሰበረ ቆይቷል። «ባዶ ሰፈር አለ» ያልኩት እኔ ነኝ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ባዶ ሰፈር የሚሉት እናንተ ቤተ እስራኤሎቹ ከሄዳችሁ ወዲህ የእናንተን መንደር ነው። የሚያደርሳት ሰው ስላልተገኘ አቅጣጫውን ጠቆምኳት፤ ብቻዋን ሄዳ ሁለተኛውን ጠርሙስ ሞልታ ተመለሰች።

ጠርሙሶቹን ሙቀት ይሻላቸዋል ብላ ከምድጃዬ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሁለቱም እንደ እንባ የጠሩ ነበሩ። በማግስቱ እሳት ላነድ ብነሣ አንደኛው ጠቁሯል። ቄሱ ብዕር የሚነክሩበትን ቀለም ነው የመሰለው። ማንም አልነካው፣ ማንም አልገባ፤ ዝም ብሎ እዚያው ተቀምጦ ጠቆረ። ያ ከጸበሉ የተቀዳው፣ እኔም በዚያ ሳምንት ስጠጣው የከረምኩት ውኃ ነበር። የእናንተው ምንጭ ውኃ ግን ከጎኑ እንደ ጠራ ነው።

ሰው ምን አለ መሰለሽ? ጎረቤታችን እንግዳው መጥቶ አየና አማተበ። «የባዶ ሰፈሩ ውኃ ነው ጎን ለጎን ተቀምጦ ያጠቆረው። ዓይን አለበት» አለ። ያንን ቃል አንቺ ፊት መድገም አያስፈልገኝም፤ በእናንተ ላይ ሲወራ የኖረውን እኔም አንቺም እናውቀዋለን። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ያልኖረበት መንደር እንኳ ከሐሜት አላመለጠም። ቄሱ በበኩላቸው «ጸበሉ ኃጢአታችንን ነው ያሳየን፤ አብዝተን እንጸልይ» አሉ። ሰዉም አብዝቶ ጸለየ፣ አብዝቶም ጠጣ።

ሐመልማል ግን ተራራውን ዞራ አየችና ነገሩን አገኘችው። ከሩቅ ለሚመጡ ጸበልተኞች መጸዳጃ ያስቆፈሩት ቄሱ ናቸው። መልካም አስበው ነው። ከቅጽሩ አጠገብ ማስቆፈር ነውር ሆኖባቸው ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው ወሰዱት። ለቤተ ክርስቲያኑ ክብር ሲሉ ከውኃው ራስ ላይ ቆፈሩት። ክረምቱ ሲከብድ መሬቱ ተሰንጥቆ ቆሻሻውን ወደ ጸበሉ አሰረገው።

«አባ፣ ጉድጓዱ እስኪደፈን ለልጆቹ ውኃውን አፍልተው ይስጧቸው» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ጸበል አይፈላም። እሳት ላይ የተጣደ ጸበል አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም አባ። የልጅ ቀብር ግን አይቻለሁ።»

ቄሱን ደግሞ ታውቂያቸዋለሽ፣ እውነት ሲነገራቸው ይቆጣሉ። ተቆጥተው ወጡ።

አመተ ማርያም የወደቀችው ከዚያ በኋላ ነው። ከጤና ኬላው «ለምለም» የሚሉትን ዱቄት ሰጡን፤ በንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ አጠጧት አሉን። ቄሱ «ከጸበል የነጻ ውኃ ከየት ይመጣል?» ብለው መድኃኒቱን በጸበል በጠበጡት። ዳዊት እየደገሙ ነበር የሚያጠጧት። ይወዷታል እኮ፤ ከእኔም ይልቅ ይወዷታል። በጠጣች ቁጥር ግን ባሰባት። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ። የእጇን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው እንደ ተቆነጠጠ ይቀራል። ያ ለፍላፊ ምላሷ ደርቆ «ውኃ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። እኛም ያንኑ ሰጠናት።

ያን ጊዜ ጀሪካኔን አነሣሁ።

«ወዴት ነው?» አሉኝ ቄሱ።

«ውኃ ልቀዳ።»

«በዚህ ጉም? ከየት ነው የምትቀጂው?»

«ከሸዋነሽ ምንጭ።»

ዳዊታቸውን ዘጉት። «ኧረ ተይ አንቺ ሴት! እነሱ ከሄዱ ወዲህ ከዚያ የጠጣ የለም። ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውንማ፣ ልጅቷን ከቀበርን በኋላ ተቀምጠን እናዳምጠዋለን» ብያቸው ወጣሁ። ክፉ መናገሬን አውቃለሁ፤ ደግሜም እናገረዋለሁ።

የነሐሴን ጉም መቼም አትረሺውም። ገና እኩለ ቀን ነበር፣ ግን የገዛ እግሬን አላየውም። የፈረሱትን ቤቶቻችሁን በድንጋያቸው እየለየሁ ወረድኩ፤ ይኸ የአጎትሽ፣ ይኸ የጸሎት ቤታችሁ፣ ይኸ እናትሽ ሸክላ የምታቃጥልበት። መንገዱ ሳማ ለብሶ አገኘዋለሁ ብዬ ዱላ ይዤ ነበር። ሸዋነሽ፣ መንገዱ ተጠርጓል። የመጥረጊያው ጭረት እርጥቡ አፈር ላይ ይታያል። የእግር ኮቴ ግን የለበትም።

ምንጩ ጋ ስደርስ ሁሉም እንደ ነበረው ነው። እናትሽ የምትቆጣበት ሥርዓት እንዳለ ነው፤ ላይኛው ኩሬ ለመጠጥ፣ መካከለኛው ለመታጠቢያ፣ የታችኛው ለከብት። ላይኛው በትኩስ ቅጠል ተሸፍኗል። የመቅጃው ቅል ወይራው ላይ ተሰቅሏል፤ ከአፉ ውኃ ይንጠባጠባል። ወፍ አይጮኽም። ምንጩ ራሱ ሲፈስ አይቼዋለሁ እንጂ ሲፈስ አልሰማሁትም።

የሁለታችን ድንጋይ እዚያው ነው። ያ ጠፍጣፋው። እናትሽ ክርስቲያን እንዳትነኪ ትከለክልሽ ነበር፤ እናቴም ዓይን ፈርታ አንቺን እንዳልነካ ትከለክለኝ ነበር። ሁለቱ እናቶች በሌላ ነገር ባይስማሙ በዚህ ተስማምተው ነበር። እኛ ደግሞ ድንጋዩን አገኘን። እኔ ሽምብራዬን አስቀምጬ ወደ ኋላ እላለሁ፤ አንቺ መጥተሽ ታነሻለሽ፣ የሸክላ ላምሽን አስቀምጠሽ ትመለሻለሽ። ሳንነካካ አብረን አደግን። በሱዳን በኩል የሄዳችሁ ጊዜ ጠዋት መጥቼ ድንጋዩ ላይ አንድ የሸክላ ዋንጫ አገኘሁ። በእጄ ሳልጨብጥሽ ሄድሽ። እስከ ዛሬ እጅሽ ይሙቅ ይቀዝቅዝ አላውቅም።

«ማነው እዚህ?» አልኩ። ጉሙ ትንሽ ሳሳ።

ከላይኛው ኩሬ አጠገብ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ተከናንባለች። «እንደምን ዋልሽ፣ እናቴ» አልኳት። አልዞረችም። ግራ እጇን ብቻ ወደ ኋላ ዘረጋችና መዳፏን ወደ ታች፣ ወደ ታች አደረገችልኝ። አስቀምጪውና ወደ ኋላ በይ ማለት ነው። ያንን ምልክት በዚህ ዓለም ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔና አንቺ።

ጀሪካኔን ድንጋዩ ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ አልኩ። ፊቷን አላየሁም። እጇን ግን አየሁት። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ተጣብቀዋል፤ ሸክላ ሲቃጠል እሳት እንዳጣበቃቸው የአንቺ ጣቶች። የአንቺን እጅ የማውቀው በወጣትነቱ ነው። ይህኛው ግን አርጅቷል። ደም ሥሩ ወጥቷል፣ ቆዳው ተሸብሽቧል። ልክ የእኔን ያህል አርጅቷል።

ጉሙ መልሶ ከደነው። ሲገለጥ ማንም የለም። ጀሪካኑ ሞልቶ፣ ክዳኑ ተጠምዝዞ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። ተሸክሜ እንዴት ዳገቱን እንደወጣሁ አላስታውስም። ጉልበቴም ያን ጊዜ አላጉረመረመም።

ለምለሙን በዚያ ውኃ በጥብጬ በማንኪያ ጠብ ጠብ አደረግኩላት። ቄሱ ከበሩ ቆመው ያያሉ፤ አልከለከሉኝም። ልጅቷ ጥቂት እንደ ጠጣች ዓይኗን ገለጠች።

«ማነው የቀዳው?»

«እኔ ነኛ።»

«አይደለሽም። ሸክላ ሸክላ ይላል» አለችኝ።

ጀሪካኑ ፕላስቲክ ነው፣ ሸዋነሽ። እናንተ ከሄዳችሁ ወዲህ በዚህ መንደር ሸክላ የሠራ ሰው የለም። እኔም ቀመስኩት። አዲስ ማሰሮ፣ አዲስ ጭቃና እሳት ይሸታል።

ያን ጊዜ ነው ስልኬ የጮኸው። የልጅ ልጅሽ የሺርሊ ቁጥር ነው። ሺርሊ ሁልጊዜ የምትደውለው ለበዓል ነው፤ በዚያ በሚያስቀኝ አማርኛዋ «አያቴ ሰላም ነሽ፣ አያቴ መጣች፣ ተናገር» ብላ ስልኩን ለአንቺ ለመስጠት። ያ ቀን ግን በዓል አልነበረም። ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ቆመ። እንደገና ጮኸ። አላነሣሁትም። ከዚያ ወዲህም በየጊዜው ይጮኻል፤ ጋቢ ውስጥ ጠቅልዬ አስቀምጠዋለሁ፣ ከጋቢው ውስጥም ይሰማኛል።

ልጅቷ እያደር ዳነች። አሁን ደጅ ላይ ከዶሮ ጋር ትጨቃጨቃለች። ቄሱ በማግስቱ ዶማቸውን ይዘው ወደ ተራራው ወጡ። ለማንም አልተናገሩም። ሰው ደርሶ ሲያግዛቸው መጸዳጃውን ሞልተው እየደፈኑ፣ እንባቸው በጢማቸው ይወርድ ነበር አሉ። ከዚያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው «ጸበሉ ለጊዜው ለመጠመቅም ለመጠጥም አይሁን። የምትጠጡትን ከቤተ እስራኤሎቹ ምንጭ ቅዱ። እኔም የምጠጣው ከዚያ ነው» አሉ። እንግዳው አጉረመረመ፤ የያርጋል ሚስት ግን እንስራዋን አንሥታ ወረደች። እሷ ስትወርድ ሌላው ምን አፍ አለው? ሐመልማልም ምንጩን በሲሚንቶ የሚያስከድን ሰው ይዛ ልትመለስ ቃል ገብታልናለች።

እኔ አሁን ጠዋት ጠዋት እዚያ ቆሜ እናትሽን ሆኛለሁ። ከላይኛው ኩሬ እግር የሚያስነካ ካየሁ ዱላዬን አነሣለሁ። ልብስ ወደ መካከለኛው፣ በሬ ወደ ታች። ሰዉ «ወለተ ጊዮርጊስ ፈላሻ ሆነች» ይለኛል። ይበለኝ። ያችን ሴት ግን ከእኔ በቀር ያየ የለም፤ እኔም ደግሜ አላየኋትም። መንገዱ ብቻ ሁልጊዜ ተጠርጎ ይቆየኛል።

ለቄሱ የነገርኳቸው ትናንት ነው። «ስልኩን አንሺው» አሉኝ።

«አላነሣም።»

«እንግዲያው ስሟን በጸሎቴ ላነሣው አስቤያለሁ። ሃይማኖታችን ቢለያይም የልጄን ልጅ አድናልኛለች። በየትኛው ላንሣት? ከሕያዋን ጋር ነው ወይስ ከሙታን?»

«ከሕያዋን ጋር!» አልኳቸው፤ ሳላስበው ጮኽኩባቸው። እሳቸውም «እሺ፣ ከሕያዋን ጋር» አሉ፤ ቀስ ብለው፣ ለታመመ ሰው እንደሚናገሩት።

ያላነሣሁት ለዚህ ነው። ሺርሊ ምን እንደምትለኝ ስላላወቅኩ አይደለም የፈራሁት። እስካላነሣሁት ድረስ አንቺ አሁንም እስራኤል አገር፣ ፎቅ ላይ፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጠሽ ከቧንቧ የቀዳሽውን ውኃ «ጣዕም የለውም» እያልሽ ታማርሪያለሽ። እንደዚያው ሆነሽ ቆዪልኝ። እወድሻለሁ፤ በልጅነታችን እንዲህ ተብሎ አይነገርም ነበርና ነግሬሽ አላውቅም።

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አልሰጠውም። ነገ ማለዳ ሰው ሳይመጣ ወርጄ ድንጋዩ ላይ አስቀምጠውና ወደ ኋላ እላለሁ። ከነገ ወዲያ ሄጄ እዚያው ካገኘሁት፣ ዝናብ አበስብሶት ፊደሉ ሁሉ ፈስሶ ቢጠብቀኝ እንኳ፣ አንቺ እዚህ የለሽም ማለት ነውና እልል ብዬ የሺርሊን ስልክ አነሣለሁ። «አያትሽን አገናኚኝ» እላታለሁ፤ ያን ጊዜ የቀረብኝን ጤናሽን እጠይቅሻለሁ።

የሁለታችንም አባቶች የጠሩት አምላክ ባለሽበት ይጠብቅሽ። ልጆችሽን፣ የልጅ ልጆችሽን ይባርክልሽ። ስለ ውኃው እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ለምኜሽ ልጨርስ፤ ችኩልነትሽን ስለማውቅ ነው። ሸዋዬ፣ ስሞትልሽ፣ ይህን ደብዳቤ አታንሺው።

ያው እኔ፣ ከወዲህ ማዶ
ወለተ ጊዮርጊስ